ብረት ለቃሚ ለሆናችሁ ልጆቼ

ጎንደር ውስጥ ከማራኪ እስከ አዘዞ ጆንያ አንግታችሁ «ቁራሌው!» እያላችሁ ስትዞሩ አያችኋለሁ። አንዳንዶቻችሁ ተማሪ ናችሁ፤ የክፍል ጓደኛ ሲያጋጥማችሁ አንገት ትደፋላችሁ። አትድፉ። አገራችን ብረት የሚነካውን ሰው «ቀጥቃጭ፣ ቡዳ» እያለች ስትሰድብ ኖራለች፤ ተሳዳቢው የሚያርስበት ማረሻ ግን ከዚያው ከቀጥቃጩ እጅ የወጣ ነበር። የወለቃ ቤተ እስራኤላውያን ባለ እጆች ባይኖሩ የጎንደር ዙሪያ ገበሬ በምን ያርስ ነበር? ያ ስድብ ነውር ነው፤ ወደ እናንተ እንዲሻገር አልፈልግም።

ሥራውን ከያዛችሁት ግን ዐውቃችሁ ያዙት። ከኪሳችሁ ማግኔት አይጥፋ፤ ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ይበቃል። አሮጌ የቧንቧ ራስ ላዩ ነጭ ስለሆነ ብረት ይመስላል። ማግኔቱ ካልሳበው ጠርዙን በሞረድ ፋቅ አድርጉት፤ ቢጫ ከወጣ ናስ ነው። ከብረት ጋር ከተመዘነ ከሰራችሁ። መዳቡንም አሉሚኒየሙንም ለብቻ አድርጉ። የሽቦውን ላስቲክ በቢላ ላጡት እንጂ አታቃጥሉት፣ ጭሱ መርዝ ነው። የመኪና ባትሪም እንዳለ ሽጡት፤ ሰብራችሁ እርሳሱን አታውጡ።

ሁሉም ነገር ደግሞ በኪሎ አይሸጥም። ባሌስትራ ካገኛችሁ አዲስ አበባ ወዳሉት ማቅለጫዎች ለሚጭነው ነጋዴ ከመስጠታችሁ በፊት ቀጥቃጩን ጠይቁ። ባሌስትራ ሲግል ይታዘዛል፣ ውሃ ሲጠጣ ይደነድናል፤ ማረሻና ማጭድ ይወጣዋል። ስለዚህ ቀጥቃጩ ከሚዛኑ የተሻለ ሊከፍላችሁ ይችላል።

በሌሊት የመጣ የመብራት ሽቦ፣ የቴሌ ኬብል፣ የቦይ ክዳን አትግዙ። የተሰረቀ ዕቃ መግዛት በሕግ ያስጠይቃል፤ ከሕጉም በፊት ክዳኑ በተነሣበት ጉድጓድ የምትወድቀው የማን እናት እንደሆነች አስቡ። ሕፃን ድስት ይዞ ቢመጣ እናቱን አስጠሩ።

እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ሌላ ነው። መሬታችን ውጊያ የበዛበት ነው። ጣሊያን እዚሁ ጎንደር እጁን የሰጠው ኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ወልቸፊትና ቁልቋል በር ላይ ብዙ ተተኩሷል። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ዳባትና ደባርቅ ዙሪያ ከባድ ጦርነት ነበር፤ ከዚያ ወዲህም ተኩስ አልጠፋም። ሳይፈነዳ የቀረው መሬት ውስጥ ይቆያል፤ ጎርፍ ያወጣዋል፣ ማረሻ ይገለብጠዋል። የዛገ የሞተ እንዳይመስላችሁ፤ ዝገቱ እንዲያውም በትንሽ ንክኪ እንዲፈነዳ ሊያደርገው ይችላል። እንደ ዓሣ ጅራት ክንፍ ያለው፣ ቀለበት የተንጠለጠለበት፣ ጫፉ የሾለ ከባድ ነገር ካያችሁ አትንኩ፣ ድንጋይ አትወርውሩበት፣ እሳት አታስጠጉት። በመጣችሁበት ዱካ ተመለሱ፤ ከሩቅ ምልክት አድርጉና ለፖሊስ ወይም ለቀበሌ ንገሩ።

እረኛ ልጅ «ናስ አገኘሁ» ብሎ ቀልሃ ቢያመጣላችሁም ዋጋ አትጥሩለት፤ ዋጋ የሰማ ልጅ ሌላ ሊፈልግ ወደ ሜዳው ይመለሳል።