ምጽዋትስ ማንሣት ነው

ቅዱስ ጴጥሮስ በመቅደስ ደጅ ይለምን የነበረውን አንካሳ በቀኝ እጁ ይዞ አስነሣው እንጂ በልመናው ላይ አልተወውም (ሐዋ. 3)። እኛ ግን ሳንቲም ሰጥተን እናልፋለን። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ በካማሺ በተነሣው ግጭት ብዙ ወገኖቻችን ቤታቸውን ጥለው ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ወለጋ ተሰደዱ። ቁራሽ የዛሬን ረኃብ ያስታግሣል፤ የነገን እርሻ ግን አያርስም።

እንግዲህ በአርጆ ያለን ሁላችን ለጎረቤት ደቦ እንደምንወጣ፥ ቤት ለሌለው ቤተ ሰብም እንውጣ። አንዱ እንጨት፥ አንዱ ሣር፥ አንዱ ዘር ያምጣ፤ በሬ ያለው ጥማዱን ያውስ፤ መሬት ያለው የእኩል ያሳርሰው። ማኅበሩም ከድግሱ ቀንሶ እስከ መከር ቀለቡን ይቻል። ያን ጊዜ ትናንት በደጀ ሰላም እጁን የዘረጋው ሰው የአዝመራውን በኵራት ይዞ ይገባል።

አምላከ ጴጥሮስ ይርዳን፤ አሜን።