ስፖኪዮ የማያሳየው ወንድም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ዛሬ ስለ መኪና መስታወት ልንነጋገር ነው። «በጾም ወራት ደግሞ የመኪና ነገር ምን አመጣው?» እንዳትሉ። ጌታችን ሲያስተምር ከገበሬው ዘር፣ ከዓሣ አጥማጁ መረብ፣ ከሴቲቱ እርሾ ምሳሌ ያመጣ ነበር። ብዙዎቻችን ውለን የምንገባው መርካቶ ነውና ከመርካቶ መንገድ ምሳሌ ብንወስድ የሚያስነቅፍ አይሆንም።

መርካቶ የሚለው ስም ጣሊያን በወረራው ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ገበያውን ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ወደዚህ ሲያዛውር የቀረ ነው፤ በቋንቋው ገበያ ማለት ነው። ሹፌሮቻችን «ስፖኪዮ» የሚሉትም ከዚያው ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ መስታወት ነው። ስፖኪዮ በከተማችን ሌባ የሚመኘው ዕቃ በመሆኑ ባለመኪናው የሰሌዳ ቁጥሩን መስታወቱ ላይ ያስጽፍበታል። ለመስታወቱ እንዲህ እንጠነቀቃለን። በመስታወቱ ማየትን ግን ስንቶቻችን ተምረናል?

1. ሞተር ሳይነሣ

መንዳት የሚያስተምር ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚናገረው አንድ ነገር ነው። ሞተር ከማስነሣትህ በፊት ወንበርህን አስተካክል፤ ከዚያ ስፖኪዮህን። የውስጡ መስታወት የኋላውን መስኮት በሙሉ ያሳይ። የግራና የቀኙ ግን መንገዱን በሰፊው፣ የራስህን መኪና ጎን ደግሞ በጥቂቱ፣ ለምልክት ያህል ብቻ ያሳዩ። በቁመት የሚለይ ሌላ ሰው መሪውን ሲይዝ ሁሉም እንደገና ይስተካከላል። ለወንድምህ የተስተካከለው ላንተ አይሆንም።

ልብ በሉ! ስፖኪዮው የራሳችሁን መኪና አብዝቶ ካሳያችሁ መንገዱ ይጠፋችኋል። ሊጸልይ ወደ ቤተ መቅደስ የወጣው ፈሪሳዊ በሳምንት ሁለት ቀን ይጾም፣ ከሚያገኘውም ሁሉ አሥራት ያወጣ ነበር (ሉቃ. 18፥9-14)። ጾሜአለሁ ማለቱ ውሸት አልነበረም። ችግሩ መስታወቱን ወደ ራሱ ማዞሩ ነው። የገዛ ጎኑን አይቶ ሲጨርስ በቀረችው ጠባብ ቦታ ቀራጩን አየና ናቀው። እኛስ? «እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምጾመው፤ እገሌ ግን በጠዋቱ ይበላል» ስንል መስታወታችን ወዴት ዞሯል?

ሌላም ነገር አለ። የጎን ስፖኪዮ ብዙውን ጊዜ ጎበጥ ያለ ነው። ጎበጥ ማለቱ ሰፊ ቦታ እንዲያሳይ ይረዳዋል፤ ነገር ግን የሚያሳየውን ነገር ከእውነቱ ይልቅ ትንሽና ሩቅ ያስመስለዋል። የገዛ ኃጢአታችንም በራሳችን መስታወት ስናያት እንዲሁ ናት። «ትንሽ እኮ ናት፤ ገና ሩቅ ናት» እያልን አጠገባችን ትደርሳለች።

2. የማይታየው ቅርብ ያለው ነው

እሺ፣ ሁሉንም በሚገባ አስተካከልን እንበል። አሁንም ሦስቱም መስታወት የማያሳዩት ቦታ አለ። ከሹፌሩ ትከሻ በስተኋላ፣ በግራም በቀኝም፣ እንዲሁም ከመኪናው ኋላ ሥር። ጭነት የያዘ አይሱዙ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ጭነቱ የኋላውን ይጋርዳል፤ በቀኙ በር ሥር ወይም ከፊት መከላከያው አጠገብ የቆመ ሕፃን ከሹፌሩ ወንበር ላይታይ ይችላል።

የሚያስደነግጠው ይህ ነው። ከሩቅ የሚመጣው ሚኒባስ በስፖኪዮ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በርህን ታክኮ የሚሄደው ሰው ግን ይሰወርብሃል። የሚጠፋብን ሩቁ ሳይሆን ቅርቡ ነው!

አንድ የጭነት መኪና ሹፌር የነገረኝን ላጫውታችሁ። በዐቢይ ጾም ነው፣ ከሰዓት በኋላ። መርካቶ ዕቃ አራግፎ ጨርሷል። ራጉኤል ቅዳሴ ሳይወጣ ልድረስ ብሎ ቸኩሏል። ረዳቱን ደረሰኝ እንዲያመጣ ልኮታል። «ግራ አየሁ፣ ቀኝ አየሁ፤ ማንም የለም። የኋላ ማርሽ አስገባሁ» አለኝ። ከዚያ ጩኸት ሆነ። ዕቃውን ያወረደለት ተሸካሚ ከመኪናው ኋላ ጥላ ይዞ ላቡን እየጠረገ ተቀምጦ ነበር። እግሩ ተሰበረ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ነፍሱ ተረፈች።

«ስፖኪዮ አይቼ ነበር» አለኝ ሹፌሩ። «እውነቴን ነው፣ አይቻለሁ። እኔ የደነገጥኩት ግን ሆስፒታል ስንደርስ ነው። ካርድ የምታወጣው ልጅ "የበሽተኛው ስም ማን ነው?" አለችኝ። አራት ዓመት ሙሉ ዕቃዬን ያወረደልኝ ሰው ነው፤ ስሙን አላውቀውም! ለካስ እሱም ጿሚ ኖሯል፤ ያን ሁሉ ሸክም የተሸከመው እህል ሳይቀምስ ነው።»

ወገኖቼ፣ ይህ ሹፌር ተሸካሚውን ያላየው በዚያች ደቂቃ ብቻ ነውን? አይደለም። ሰውየው አራት ዓመት ሙሉ እዚያው፣ ስፖኪዮ የማያሳየው ቦታ ላይ ነበር የቆመው።

የባለጠጋውና የአልዓዛር ታሪክም ይኸው ነው (ሉቃ. 16፥19-31)። ባለጠጋው አልዓዛርን መታው፣ ወይም ከደጁ አባረረው የሚል አልተጻፈም። አልዓዛር በደጁ ተኝቶ ሳለ ግን ዞር ብሎ እንደጎበኘውም አልተጻፈም። በሲኦል ሆኖ ዓይኑን ሲያነሣ በሩቅ አየው። በቅርብ ያላስተዋለውን በሩቅ አስተዋለው! ስሙንም ያውቀው ነበር፤ በስሙ ሲጠራው የምንሰማው ግን የአልዓዛር እርዳታ ያስፈለገው ዕለት ነው።

የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ መፃጉዕ ይባላል። ሠላሳ ስምንት ዓመት የታመመው ሰው በመጠመቂያው ዳር የተኛው ብቻውን አልነበረም፤ ብዙ ሕዝብ ነበረ (ዮሐ. 5፥1-9)። ሁሉም ውኃው መቼ ይናወጣል ብሎ ውኃውን ያያል። አጠገቡ የተኛውን የሚያይ ግን አልተገኘም። ጌታችን መጥቶ ሲጠይቀው ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው እንዳጣ ነገረው። በመርካቶ ግፊያ መካከል ሰው በሰው ላይ እየተረማመደ፣ ሰው ያጣ ስንት አለ!

3. አንገትን ማዞር

ታዲያ መድኃኒቱ ምንድን ነው? ዛሬ የኋላውን የሚያሳይ ካሜራ ያላቸው መኪኖች መጥተዋል፤ ይረዳሉ። ካሜራውንም ግን ጭቃ ይሸፍነዋል። ጥንቁቅ ሹፌር መስመር ከመቀየሩ በፊት አንገቱን አዙሮ በትከሻው በኩል ያያል። ወደ ኋላ ከመሄዱ በፊት ወርዶ መኪናውን ይዞራል። ሌላ ብልሃት የለውም።

እግዚአብሔር እስራኤልን በወቀሰ ጊዜ አንገተ ደንዳና ብሎ መጥራቱን አስተውሉ (ዘጸ. 32፥9)። የደነደነ አንገት አይዞርም። የማይዞር አንገት ደግሞ ወንድሙን አያይም። ንስሐ መጸጸትና መመለስ ነው፤ አንገቱን ማዞር ያቃተው ሰው ልቡን እንዴት ይመልሳል? በጾም የምንሰግደው ስግደት ጉልበታችንን ለማድከም ብቻ እንዳይመስለን። የደነደነው አንገት የሚለዝበው በስግደት ነው።

4. «በቃ!» ሲባል

ጭነት መኪና በመርካቶ ጠባብ መንገድ ወደ ኋላ ሲሄድ አይታችኋል? ረዳቱ ወርዶ ከኋላ፣ ሹፌሩ በስፖኪዮ ሊያየው በሚችልበት በኩል ይቆማል። «ና! ና! ቀኝ ያዝ! ና! በቃ!» እያለ የመኪናውን ጎን በመዳፉ ይመታል። ሹፌሩ ሃያ ዓመት የነዳ፣ ረዳቱ ደግሞ ትናንት የመጣ ልጅ ሊሆን ይችላል። «በቃ!» ሲባል ግን ሹፌሩ ፍሬን ይይዛል እንጂ «አንተ ማን ነህና?» ብሎ አይከራከርም። ለምን? ልጁ የሚያየው እርሱ የማያየውን ነዋ!

የንስሐ አባት እንዲህ ነው። ከኋላችን ቆሞ እኛ የማናየውን ያይልናል። አንዳንዶቻችን ግን የንስሐ አባት ይዘናል እንጂ «በቃ» እንዲሉን አንፈቅድም፤ ለበዓል ጠበል እንዲረጩልን ብቻ ነው የምንጠራቸው። እግዚአብሔር በእርሳቸው ብቻም አይናገርም። ሚስት «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ልጁን እኮ ካናገርከው ወር ሆነህ» ስትል እርሷም የመኪናውን ጎን እየመታች ነው። ፍሬን መያዝ ነው!

የሀገራችን ሰው ጃንደረባው ይህን ያውቅ ነበር (ሐዋ. 8፥26-39)። የንግሥት ህንደኬ የገንዘቧ ሁሉ አዛዥ ነው፤ በሠረገላ ተቀምጧል። ፊልጶስ በእግሩ ሮጦ የደረሰ መንገደኛ ነው። የምታነበው ይገባሃልን ብሎ ሲጠይቀው ባለ ሥልጣኑ አልተቆጣም። የሚመራው ሰው እንደሚያስፈልገው ተናግሮ ሠረገላው ላይ አወጣው። ወደ ሀገሩ የተመለሰው ተጠምቆ፣ ደስ ብሎት ነው።

5. እንግዲህ ምን እናድርግ?

መሪ የምትይዙ ወንድሞችና እኅቶች፣ ነገሩን ምሳሌ ብቻ አታድርጉት። በአዲስ አበባ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት ብዙዎቹ እግረኞች ናቸው። ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት ውረዱ፤ መኪናችሁን ዙሩ። ቅዳሴ ሊያመልጠን ነው ብሎ መቸኮልም ሰውን ከመግጨት አያድንም። ለቅዳሴ ቀድሞ መነሣት ነው እንጂ!

መኪና የሌለንም ከዚህ ነገር አናመልጥም። እስቲ ዛሬ ማታ ራሳችንን እንጠይቅ። ዕቃችንን የሚሸከመውን፣ ሱቃችንን የሚጠብቀውን፣ ሽሮአችንን የምትሠራውን ልጅ ስም እናውቃለን? ስንጾም ያተረፍነው የቁርስና የምሳ ገንዘብ የት ገባ? ነቢዩ ኢሳይያስ እግዚአብሔር የወደደው ጾም እንጀራን ለተራበ መቁረስና ከሥጋ ዘመድ አለመሸሸግ እንደሆነ አስተምሮናል (ኢሳ. 58፥6-7)። መሸሸግ ማለት መሮጥ ብቻ አይደለም፤ አጠገብ ሆኖ አለማየትም መሸሸግ ነው።

ያ ሹፌር ካሣውን ከፈለ፤ ንስሐም ገባ። ተሸካሚው ድኖ ወደ ሥራው ተመልሷል። «አሁን ሞተር ከማስነሣቴ በፊት ወርጄ በስሙ እጠራዋለሁ» አለኝ። «"አለሁ፣ ከጎን ነኝ!" ሲለኝ ነው የምንቀሳቀሰው።»

ከእኛ አጠገብ ሆነው ያላየናቸውን ለማየት ዓይነ ልቡናችንን ያብራልን፤ የደነደነውን አንገታችንን ያለዝብልን። ጾሙን የበረከት፣ የንስሐና የይቅርታ ያድርግልን። ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም ያድርሰን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤
ወለወላዲቱ ድንግል፤
ወለመስቀሉ ክቡር።