ስለ ጥርኝና ስለ ሽቶ

ሰው ገላውን ቢታጠብ፥ ጠጕሩን ቢቀባ፥ ልብሱን ቢያጥን ነውር የለበትም። ጥያቄው ሌላ ነው፤ ለዚህ ጥቂት ደስታ ሲባል አፍ የሌለውን ፍጡር ማሠቃየት ይገባልን? ጕዳዩ የፈረንጆች ቅብጠት ነው ብለው የሚያልፉት አሉ። የአገራችንን የንግድ ታሪክ ያወቀ ሰው ግን እንዲህ ብሎ ሊያልፈው አይችልም።

ዝባድ የሚባለው ሽቶ ከጥንት ጀምሮ ከኢትዮጵያ ከሚወጡት ዕቃዎች አንዱ ነበረና። እርሱም ጥርኝ ከሚባለው የዱር አውሬ፥ ከጅራቱ ሥር ካለው ከረጢት የሚወጣ ቅባት ነው። ባለፉት ዘመናት ከእናርያና ከከፋ አገር ተጭኖ፥ ዐባይን ተሻግሮ፥ በጎጃም በባሶ ገበያ አልፎ ወደ ጎንደር ይገባ ነበር፤ ከዚያም ወደ ምጽዋ ይወርዳል። ነጋዴው በበሬ ቀንድ ውስጥ አሽጎ ይይዘው ነበር። እንግዲህ ሽታው በእኛ ደጋ መንገዶች አልፏል፤ የአውሬው ጩኸት ግን ከተያዘበት ጓዳ አልወጣም።

የሚፈለገው ወንዱ ጥርኝ ነው። በግዞት ስለማይራባ ከዱር በወጥመድ ይያዛል፤ ከዚያም መዞር እስኪያቅተው በጠበበ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ይከተታል። ቤቱ በእሳት ይሞቃል፤ ገንፎ፥ ሥጋና ቅቤ ይሰጠዋል። በየ10 ቀኑ ግድም ጅራቱንና እግሩን በኃይል ይይዙና ቅባቱን ይፍቁታል። ከተያዙትም ብዙዎቹ ገና በመጀመሪያው ወራት ይሞታሉ። ይህ አውሬ በተፈጥሮው ሌሊት ለብቻው የሚዞር ነው፤ ሰው ሲቀርበው ይሸበራል። ያን የመሰለ ፍጡር ለዓመታት እንዲህ አድርጎ ማኖር ምን እንደ ሆነ አንባቢ ራሱ ይገምተው።

እዚህ ላይ አንድ አስተዋይ ሰው፥ በሬውስ ቀንበር አይሸከምምን? አህያስ ጭነት አይከብዳትምን? ሊል ይችላል። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ነገር ግን የፋርጣ ገበሬ በሬውን ማታ ከቀንበር ይፈታዋል፤ በአንድ ዝናብና በአንድ ድርቅ አብረው ይኖራሉ፤ የበሬው መታመም ለቤቱ ሁሉ ረኃብ ነው። ከድካሙም የሚገኘው እንጀራ ነው። ከጥርኙ የሚገኘው ግን ለሩቅ አገር ሰው አንገት የሚሆን መዓዛ ብቻ ነው። የዮናስ መጽሐፍ በነነዌ እንስሳት ነገር መፈጸሙን ለካህናት አንባቢዎቻችን ማስታወስ አያስፈልግም።

በደሉን በባለ ጥርኙ ላይ ብቻ መጫን ደግሞ ፍርድ ማጓደል ነው። እርሱ ልጆቹን የሚያሳድግበት ነው፤ ትርፉ የሚበዛው በገዢው ዘንድ ነው። ገዢውም ሌላ መንገድ አልነበረኝም ሊል አይችልም። ሊዮፖልድ ሩዚችካ የተባለ ሊቅ በ1926 (እንደ አውሮጳ አቈጣጠር) የዝባድን መዓዛ የሚሰጠው ነገር እንዴት እንደ ተሠራ ገልጦ ነበር፤ በ1939ም የኖቤል ሽልማት አገኘ። ዛሬ ያው መዓዛ ያለ አውሬ በፋብሪካ ይሠራል።

ሁለተኛው ሥቃይ ከዝባዱ ይልቅ የተሰወረ ነው። በ1944 ጆን ድሬዝ የተባለ የአሜሪካ መንግሥት ባለሙያ አንድ ፈተና አወጣ፤ የሳሙናና የቅባት ጭማቂ በጥንቸል ዐይን ውስጥ እየተንጠባጠበ ቍስሉ ለቀናት ይመረመራል። ጥንቸሏ እንዳትፍቀው አንገቷ በሳጥን ይያዛል። የአውሮጳ ኅብረት አገሮች እንዲህ የተፈተነ አዲስ የመዋቢያ ዕቃ እንዳይሸጥ በ2013 ፈጽመው ከለከሉ። በአንዳንድ ጠርሙስ ላይ የሚታየው የጥንቸል ሥዕል ይህ ፈተና አለመደረጉን የሚናገር ነው። ገዢ ሆይ፥ ሥዕሉ የሚናገረው ስለ ፈተናው ብቻ መሆኑን ልብ በል፤ ሳሙናው ከከብት ሞራ የተሠራ ሊሆን ይችላል። በጾም ወራት ይህ የሚያሳስበው ሰው በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ሁሉ ማንበብ አለበት።

ታዲያ ወደ አያቶቻችን እንዶድ እንመለስ የሚል አለ። እኔም ደስ ባለኝ ነበር፤ በደጋው አጥር ላይ ይበቅላል፥ ሸማውንም ያነጣል። ነገር ግን እንዶድም ከዚህ ጥያቄ ነጻ አልወጣም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በአድዋ ሴቶች ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፥ እንዶድ የብልሃርዝያን አስተላላፊ እንደሚገድል አስረዱ፤ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋራም በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። የውጭ አገር ባለሥልጣኖች ግን ሴቶቹ ለብዙ ዘመን የታጠቡበትን ነገር በላቦራቶሪ ካልተፈተነ አንቀበልም አሉ፤ በአይጥና በጥንቸልም ተፈተነ። የተገኘውም ዐይንን እጅግ የሚያቃጥል መሆኑ ነው። ይህንን ለማወቅ አንዲት አጣቢ መጠየቅ ይበቃ ነበር።

በእኔ ሚዛን ብልሃርዝያ ሕፃናትን ስለሚጎዳ፥ መድኃኒቱን ለማግኘት የተደረገው ፈተና በኀዘን ሊታገሥ ይችላል። ለጠጕር ማለስለሻ የተደረገው ግን እንዲህ ያለ ምክንያት አላገኘሁለትም፤ ዝባዱም እንደዚሁ።