ዕዳን በጥቂት በጥቂቱ ስለ መክፈል

ሰውን ከሰው ጋራ ከሚያስተሳስሩት ነገሮች አንዱ ዕዳ ነው። ሰው ሲበደር ገንዘብ ወይም ዕቃ ይቀበላል፤ ስለ ተቀበለውም ነገር ለጊዜው የሚሰጠው ቃሉን ነው። ስለዚህ በዕዳ ውስጥ ገንዘብና ቃል አብረው ይኖራሉ። ገንዘቡ በተገኘ ጊዜ ሁለቱ ሳይለያዩ ይሄዳሉ። ገንዘቡ በጐደለ ጊዜ ግን አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም፦ በቀኑ እከፍላለሁ ብሎ የተዋዋለ ሰው በቀኑ መክፈል ቢሳነውና «ጥቂት በጥቂት ልክፈል» ብሎ ቢለምን፣ ቃሉን አፈረሰ እንበለው ወይስ ጠበቀ? በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህን ነው።

ነገሩ በባዶ ሐሳብ እንዳይቀር ከዛሬው ኑሮ አንድ ተራ ምሳሌ እንውሰድ። በብሪታንያ ሞባይል ስልክ ብዙ ጊዜ የሚገዛው በውል ነው። በዚያ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችንም የሚገቡት በዚሁ ውል ነው። ገዢው ቀፎውን ይዞ ይወጣል፤ የቀፎውን ዋጋና የመነጋገሪያውን ሒሳብ ግን በየወሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ሃያ አራት ወር ድረስ ይከፍላል። ሥራ ሲቋረጥ ወይም ሕመም ሲመጣ የወሩ ክፍያ ይታለፋል። የማስታወሻው መልእክት በዚያው ባልተከፈለበት ስልክ ይመጣል። ቀጥሎም መስመሩ ይዘጋል፤ ውሉ ይፈርሳል፤ የቀሪዎቹ ወራት ሒሳብ ባንድነት ይጠየቃል። ጕድለቱ በብድር መዝገብ ላይ ተጽፎ ስድስት ዓመት ይቈያል፤ ዕዳውም ለአስከፋይ ድርጅት ይተላለፋል ወይም ይሸጣል።

በዚህ ጊዜ ባለዕዳው ሦስት መንገድ ይታየዋል። የመጀመሪያው መደበቅ ነው፤ ቁጥሩን ይለውጣል፣ የመጣለትን ደብዳቤ ሳይከፍት ይጥላል። ሁለተኛው ካንዱ ተበድሮ ለሌላው መክፈል ነው፤ ይህም አንዱን ጕድጓድ ለመድፈን ሌላ ጕድጓድ እንደ መቈፈር ያለ ነው። ሦስተኛው ያለውንና የጐደለውን ቈጥሮ፣ ለአበዳሪዎቹ ሁሉ ሳይደብቅ አሳውቆ፣ በሚችለው መጠን መክፈል ነው።

ለዚህ ለሦስተኛው መንገድ በብሪታንያ ሥርዓት ወጥቶለታል፤ የዕዳ አከፋፈል ዕቅድ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1993 የተቋቋመውና ዛሬ ስቴፕቼንጅ የሚባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ከባለዕዳው ምንም ሳይቀበል ይህን ዕቅድ ያዘጋጃል። ባለዕዳው ገቢውን፣ እንዲሁም ለቤት ኪራይ፣ ለምግብ፣ ለመብራትና ለመጓጓዣ የሚያወጣውን ይዘረዝራል። ዛሬ ያለ ስልክ ሥራ መፈለግ አስቸጋሪ ስለ ሆነ፣ በአገልግሎት ላይ ያለው የስልክ ክፍያ ከአስፈላጊው ወጪ ጋራ ይቈጠራል፤ የፈረሰው ውል ውዝፍ ግን ከዕዳው ይደመራል። ከወጪ የተረፈውም ገንዘብ ለአበዳሪዎቹ እንደየዕዳቸው መጠን ይከፋፈላል። ለምሳሌ አንድ ሰው ለስልክ ድርጅት 900፣ ለባንክ 2,100፣ ለመደብር 3,000፣ በጠቅላላው 6,000 ፓውንድ ዕዳ አለበት እንበል። ከወር ወጪው የሚተርፈው 100 ፓውንድ ቢሆን፣ ለስልኩ 15፣ ለባንኩ 35፣ ለመደብሩ 50 ፓውንድ ይደርሳል። አበዳሪዎቹ ወለዱን ካቆሙለት በስድሳ ወር፣ ማለት በአምስት ዓመት፣ ከዕዳው ነጻ ይወጣል። ይሁን እንጂ ዕቅዱ በሕግ የሚያስገድድ አይደለም። አበዳሪው አልቀበልም ሊል ይችላል፤ ባለዕዳውም ሊተወው ይችላል። ዕቅዱ የቆመው በመተማመን ነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። አበዳሪው «እኔ የተዋዋልሁት በሁለት ዓመት ልቀበል ነው፤ አምስት ዓመት ስለ ምን እጠብቃለሁ?» ቢል እውነት አለው። ስለዚህ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት ብቻ ጠቅሰን፣ ባለዕዳው ምንም ቃል አላፈረሰም ልንል አንችልም። ቀኑን አፍርሷል። ነገር ግን የውሉ ቃል ሁለት ነገር ነበረው፤ አንዱ ቀኑ፣ ሁለተኛው የባልንጀራን ገንዘብ መመለሱ። ቀኑ አንድ ጊዜ ካለፈ ማንም አይመልሰውም፤ ገንዘቡን መመለስ ግን ዛሬም ይቻላል። እንዲህ ከሆነ፣ ቀኑን ያጠፋ ሰው ስላጠፋው ቀን ሌላ ነገር መክፈል አለበት፤ እርሱም እውነት ነው። ያለኝ ይህ ነው፣ የምበላው ይህ ነው፣ የሚተርፈኝ ይህ ነው ብሎ ሒሳቡን በግልጥ የሚያቀርብ ሰው የቃሉን ፍሬ ጠብቋል እንላለን።

ይህ አባባላችን የሚፈተንበት አንድ ነገር አለ። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የይርጋ ሕግ እንደሚያዘው፣ በውል የመጣ ዕዳ ስድስት ዓመት ሙሉ ሳይከፈልና ባለዕዳው ሳያምነው ከቈየ፣ አበዳሪው በፍርድ ቤት ሊያስከፍለው አይችልም። ጥቂት የከፈለ ወይም በጽሑፍ ያመነ ግን ዘመኑ እንደ አዲስ ይቈጠርበታል። በእኛም አገር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለውል ጉዳይ በጠቅላላው ዐሥር ዓመት ይርጋ ወስኗል። እንግዲህ ተመልከቱ፤ የተደበቀው በዝምታው ነጻ ሲወጣ፣ በየወሩ ዐሥራ አምስት ፓውንድ የሚልከው ራሱን በራሱ እንደ ታሰረ ያኖራል። ሕግ ለክርክር መጨረሻ ማበጀቱ ተገቢ ነው፤ አለዚያ የሙግት ማብቂያ አይኖርም። ነገር ግን ይርጋ የሚዘጋው የፍርድ ቤቱን በር ነው፤ የኅሊናን በር አይዘጋም። እየቻለ የተደበቀው ሰው መቀበሉን ያውቃል፤ አለመመለሱንም ያውቃል።

ሌላም አስጨናቂ ነገር አለ። ለንደን ያለ ልጅ በየወሩ አገር ቤት ላለች እናቱ ገንዘብ ይልካል እንበል። ይህ ከወጪ ይቈጠር ወይስ ከተራፊው? አበዳሪው «የእኔን ገንዘብ ይዘህ ለሌላ ትሰጣለህን?» ሊለው ይችላል። ልጁም «እናቴን አስርቤ ለስልክ ድርጅት ልክፈልን?» ሊል ይችላል። ሁለቱም ባዶ ነገር አልተናገሩም። እኛ እንደሚመስለን መለያው የሚላከው ገንዘብ ሥራ ነው። እናቲቱ የምትበላበትና የምትታከምበት ከሆነ፣ እርስዋ በሌላ አገር ብትሆንም ከቤተ ሰቡ ማእድ አትለይምና፣ በሒሳቡ ላይ በግልጥ ይጻፍ። ለድግስ ማድመቂያና ለስም ማስጠሪያ የሚላከው ግን የላኪው ገንዘብ አይደለም፤ በሰው ገንዘብ ቸር መሆን ነው። ቸርነት ከራስ ላይ የሚቀነስ ነገር ሲሆን ነው ቸርነት የሚባለው። ገንዘቡን ከሒሳቡ ሰውሮ መላክ እናትን ያለ ፈቃድዋ የስውር ሥራ ተካፋይ ያደርጋታል።

እስካሁን ስለ ባለዕዳው ተናገርን፤ አበዳሪውም ግን ከግዴታ ነጻ አይደለም። በጥንቱ የአገራችን ልማድ ባለገንዘብና ባለዕዳ ተቈራኝተው፣ ባንድ ሰንሰለት ወይም በልብስ ጫፍ ተቋጥረው ይሄዱ ነበር። ከደዌው ብዛት ከመኝታው ያልተነሣውን ሰው እስከ ዛሬ የአልጋ ቁራኛ የምንለው ከዚህ የተነሣ ነው። ይህ ልማድ ጨካኝ ነበር፤ እንዲመለስም ማንም አይመኝ። ነገር ግን በውስጡ አንድ እውነት ነበረበት፤ ባለዕዳው የታሰረበት ሰንሰለት ባለገንዘቡንም ያስረዋል። ባለዕዳው ሲራብና ሲደክም በዓይኑ ያያል። የዛሬው አበዳሪ ግን የሰውየውን ዐቅም በሚገባ ሳይመረምር በውል ያስፈርመዋል፤ ነገሩ ሲበላሽም ዕዳውን ለሌላ ሸጦ ይሄዳል፤ የተዋዋለውን ሰው ፊት ዳግመኛ አያይም። እንግዲህ ባለዕዳው ሒሳቡን በእውነት ሲያቀርብ፣ አበዳሪው ወለዱን አቁሞ መታገሥ ምጽዋት አይባልም፤ ሳይመረምር ላበደረበት ድርሻው የሚከፍለው ዋጋ ነው።

ይህን ሥርዓት ለደካሞች ብቻ የተሠራ አድርጎ የሚንቀው ሰው ቢኖር፣ የመንግሥታትን ነገር ያስብ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1953 በለንደን በተፈረመው ስምምነት የምዕራብ ጀርመን የውጭ ዕዳ በግማሽ ያህል ተቀንሶ የቀረው እንደ ዐቅሟ በረዥም ጊዜ እንዲከፈል ተወሰነ። ከዚሁ ስምምነት ጋራ የተያያዘው የመጨረሻ ክፍያ የተፈጸመው በ2010 ነው። ለአገር ብልኀት የተባለው ነገር፣ ቀፎውን በውል ለገዛ ሠራተኛ ሲሆን ስለ ምን ነውር ይባላል?

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን በ2013 ዓ.ም. ጀመረ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ከዳሽን ባንክ ጋራ ሆኖ ቴሌብር መላ የተባለውን ብድር በስልክ መስጠት ጀመረ። ሰው ዋስ ሳይጠራ፣ የማንንም ፊት ሳያይ በጣቱ ነክቶ ይበደራል። ለነጋዴና ለደመወዝተኛ በእርግጥ መላ ነው። ነገር ግን የሚታይ ዋስና የሚታፈር ፊት በሌለበት ዘመን፣ ዋሱ የሰው የገዛ ኅሊናው ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው። ከመበደር በፊት ዐቅምን መመርመር ይሻላል። የተበደረ በቀኑ ይክፈል። በቀኑ መክፈል የተሳነው ግን ፊቱን አይሰውር፤ ሒሳቡን ይግለጥ፤ የልጆቹን እንጀራ አስቀድሞ፣ የተረፈውን ለሁሉም በትክክል ያካፍል፤ የጀመረውንም እስከ መጨረሻዋ ወር ያድርስ። እንዲህ ያደረገ ሰው፣ በወር የሚልከው ዐሥራ አምስት ፓውንድም ሆነ ሃምሳ ብር፣ በባልንጀራው ፊት ቀና ብሎ ሊቆም ይገባዋል።