ቀና ትምህርትና ሰነፍ እጅ

ወንድሞች ሆይ፤ የሌላውን ሃይማኖት በትምህርቱ፥ የራሳችንን ግን በስሙ ብቻ እንዳንመዝን እንጠንቀቅ።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1830 ዓ.ም. ዮሴፍ ስሚዝ የተባለ ሰው በአሜሪካ በኒው ዮርክ ግዛት፥ ሞርሞን የተባሉትን ሰዎች ማኅበር መሠረተ። እነርሱም ክርስቶስን መድኃኒት ይሉታል፤ ነገር ግን አብ ሥጋና አጥንት አለው፥ ሦስቱም አካላት በፈቃድ እንጂ በባሕርይ አንድ አይደሉም ብለው ያስተምራሉ። በመጽሐፍ ቅዱስም ላይ መጽሐፈ ሞርሞንን ይጨምራሉ። በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች ግን ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ እንደ ሆነ መስክረዋል። ይህ ልዩነት ታላቅ ነውና በፍቅር ስም ልንሸፍነው አይገባም።

ወደ ምግባር ስንመለስ ግን ነገሩ እኛን ይጠይቀናል። ሥርዓታቸው ከገቢያቸው ዐሥራት እንዲያወጡ፥ ከመጠጥና ከትንባሆም እንዲርቁ ያዛል። በየወሩ በመጀመሪያው እሑድ ሁለት ጊዜ ከመብል ተከልክለው ዋጋውን ለድሆች ይሰጣሉ። ይህን ሁሉም አይፈጽመው ይሆናል፤ እኛስ ስንጾም ያተረፍነው እንጀራ ወዴት ሄደ? ጎረቤታችን ተርቦ ሳለ ለፋሲካ ድግስ አስቀመጥነውን?

የእነርሱ ምጽዋት ትምህርታቸውን እውነት አያደርገውም፤ የእኛም ቀና ትምህርት ስስታችንን አያጸድቀውም። እሺ ብሎ ወደ ወይኑ አትክልት ያልሄደውን ልጅ እናስብ። እንግዲህ ሃይማኖታችንን አጽንተን እንያዝ፤ እጃችንንም ለድሃ እንዘርጋ።