ስለ ቃልና ስለ ጌጡ

ከሆሳዕና ወደ ደቡብ ምዕራብ ተጉዘው በሚያገኟት በጃጁራ ከተማ፣ እንደ ሌሎቹ የሀዲያና የከምባታ ከተሞች ሁሉ፣ ስብከትም ሆነ የትምህርት ቤት በዓል፣ ሠርግም ሆነ የሙታን መታሰቢያ በላፕቶፕና በፕሮጀክተር መቅረቡ እየተለመደ መጥቷል፤ አዘጋጆቹም ጽሑፉንና ሥዕሉን ብቻ ማሳየት ስለማይበቃቸው፣ ፊደላቱ እየበረሩ እንዲገቡ፣ ሥዕሎቹ እንዲሽከረከሩ፣ ከሁሉም ሥር ለስላሳ ሙዚቃ እንዲሰማ ያደርጋሉ። ብዙ ሰው ይህን የወጣቶች ጨዋታ ነው ብሎ ቢያልፈውም፣ በውስጡ ጥንታዊና ከባድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም እውነትን ሊናገር የተነሣ ሰው፣ የሰሚው ልቡና ነገሩን ከመመርመሩ በፊት ስሜቱን ሊማርክ ይገባዋልን የሚል ነው።

ባንድ አዳራሽ ከመዝሙረ ዳዊት የተወሰደ ጥቅስ በስክሪኑ ላይ አንድ አንድ ፊደል እየሆነ፣ እየዞረም፣ ከግራ በኩል ይገባ ነበር። ከፊቴ የተቀመጡ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ፊደል የቆጠሩ አንድ አባት ጣታቸውን በጉልበታቸው ላይ እያስኬዱ ለማንበብ ይጥሩ ነበር፤ ሦስተኛውን ቃል ሳይጨርሱ ገጹ ተለወጠ። በዚያው ቅጽበት ከሥር ይሰማ የነበረው የኪቦርድ ሙዚቃ ከፍ አለ፣ በጉባኤው ውስጥም ልቅሶ ተሰማ። እኚያ አባት ግን ወደ ጎረቤታቸው ዘወር ብለው «ምን ይላል?» ብለው ጠየቁ።

ይህን ስል ዜማ ከቃል ጋር አይስማማም ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ ያለውን ነገር የቅዱስ ያሬድ አገር ሰው ሊናገረው አይችልም። በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሊቁ በአክሱም በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር፣ ንጉሡ በተመስጦ ሆኖ የጦሩን ጫፍ በሊቁ እግር ላይ እንደ ተከለ፣ ወጊውም ተወጊውም እንዳልታወቃቸው ትውፊታችን ይነግረናል። ሕመምን እንኳ የሚያስረሳ ኃይል በእጁ የገባ ሰው በፍርሃትና በሥርዓት ሊይዘው ይገባዋል፤ አበውም እንዲሁ አድርገዋል። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት ሲደርሱ፣ ምልክቱ የሚሰፍረው ከቃሉ ፊደላት በላይ ሆነ፤ ስለዚህ ድምፁ ከፍ የሚለውም ሆነ ዝቅ የሚለው ቃሉ ባለበት ስፍራ ነው፣ ቃሉ ከተነሣ ምልክቱ የሚያርፍበት አይኖረውም። በስላይድ ሥር የሚዘረጋው ሙዚቃ ግን ከቃሉ አልተወለደምና፣ ያንኑ ፋይል ለሠርግም ለቀብርም፣ ለወንጌልም ለሸቀጥ ማስታወቂያም ብናውለው ያው ነው። ለእኔ የነገሩ ሁሉ ሥር ይህ ነው፤ የቃሉ ያልሆነ ድምፅ የሚያስገኘው እንባም የቃሉ ፍሬ ነው ለማለት አያስደፍርም።

የእንቅስቃሴም ነገር ከዚህ አይርቅም። በቅዳሴ ጊዜ መጋረጃው የሚዘጋውና የሚከፈተው በታወቀ ሰዓት፣ ስለ ታወቀ ምሥጢር ነው። የሳይንስ መምህርም ደም ከልብ ወጥቶ ወደ ሳንባ፣ ከሳንባም ተመልሶ ወደ ልብ መሄዱን ቀስት እያስኬደ ቢያሳይ፣ ነገሩ በባሕርዩ የሚንቀሳቀስ ነውና አኒሜሽኑ እውነትን ይናገራል። በሆሳዕና መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት አለ፤ መስማት ለተሳነው ተማሪ ሙዚቃው ምንም አይጨምርለትም፣ የታሰበበት የሥዕል እንቅስቃሴ ግን ታላቅ ረዳቱ ነው፤ ከንቱ መሽከርከር ደግሞ ዓይኑን ከአስተርጓሚው እጅ ላይ ይነጥቀዋል።

ቅዱስ አውግስጢኖስ በኑዛዜው መጽሐፍ፣ በዐሥረኛው ክፍል፣ ከሚዘመረው ነገር ይልቅ ዝማሬው ራሱ ልቡን ባነሣሣው ጊዜ እንደ በደለ ይናዘዛል፤ ሆኖም ባመነበት ወራት በዝማሬ ያፈሰሰውን እንባ እያስታወሰ ዜማ ከቤተ ክርስቲያን ይውጣ አላለም። ሊቁ በኅሊናው የመዘነውን ነገር በዘመናችን ሮክሳና ሞሬኖና ሪቻርድ ሜየር በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት በሌላ መንገድ መርምረውታል፤ መብረቅ እንዴት እንደሚፈጠር የሚያስረዳ አኒሜሽን ከነማብራሪያው ለተማሪዎች ሲያሳዩ፣ ከበስተጀርባ ሙዚቃ የተጨመረባቸው ካልተጨመረባቸው ያነሰ ተረድተው ተገኝተዋል።

«ሕዝቡ ልቡ ካልተነካ አይሰማም» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ይሰጠኛል፤ ቅን መልስ ነውና ልንቀው አልወድም። ነገር ግን የዚሁ አገር ታሪክ ሌላ ይመሰክራል። በ1920ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ወደ ደቡብ የገቡት የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን (ኤስ.አይ.ኤም.) ሚስዮናውያን በጣልያን ወረራ ጊዜ ከስፍራው ተገደው ሲወጡ፣ በወላይታና በከምባታ የቀሩት ጥቂት ምእመናን ያለ ገንዘብና ያለ መሣሪያ፣ በአፍ ቃልና በራሳቸው ዝማሬ እያስተማሩ እጅግ በዙ። የሚዘምሩት የሚያምኑትን ነበር፣ የሚዘምሩትም ራሳቸው ነበሩ። ስለዚህ የጃጁራ ሰባኪ ጥቅሱን በትልቅ ፊደል ባንድ ጊዜ አውጥቶ፣ ድምፁን ዘግቶ፣ አንባቢው ሁሉ እስኪጨርስ ይታገሥ፤ ዜማ ካስፈለገም ጉባኤው ቃሉን ከተረዳ በኋላ በገዛ አፉ ያንሣው።