ምክንያትና ሰበብ



ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ ወይና ደጋ ላይ፣ ኢማም አሕመድ ኢብራሂም በ1535 ዓ.ም. በጦር ሜዳ ወደቁ። (በዚያ ጦርነት ከአፄ ገላውዴዎስ ጋር ፖርቱጋሎች፣ ከኢማሙ ጋር ቱርኮች ተሰልፈው ነበርና ነገሩ ያኔም የውጭ ጉዳይ ነበር።) በሐይቁ ዳር ለምንኖር ስማቸው የተቃጠሉ አብያተ ክርስቲያናትን ያስታውሰናል፤ በሶማሊያ ግን የጀግና ስም ነው። ሁለቱ ትዝታዎች ጎን ለጎን ኖረዋል፤ ቀስቃሽ ሲያገኙም ይነሣሉ።

የኢትዮጵያ ጦር በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ሞቃዲሾ ሲገባ ይኸው ሆነ። መንግሥት ያለ ስጋት አልዘመተም፤ የእስላማዊ ፍርድ ቤቶች ኅብረት መሪዎች በኢትዮጵያ ላይ ጂሃድ አውጀው ነበር፤ የ1969ኙ ወረራም ገና አልተረሳም። ነገር ግን በከተማይቱ ውጊያ ብዙ ሰላማውያን አለቁ፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩትም ተሰደዱ። ቀድሞ የኅብረቱ አንድ ክንፍ የነበረው አልሸባብ ይህን ቁጣ ሰብስቦ ራሱን የአገር ተከላካይ አስመሰለ። ጦራችን በጥር 2001 ዓ.ም. ሲወጣ ቡድኑ ከቀድሞው እጅግ በርትቶ ነበር።

ሐምሌ 4 ቀን 2002 ዓ.ም. በካምፓላ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ሲመለከቱ ከ70 በላይ ሰዎች በቦምብ ተገደሉ። አንዱ ስፍራ የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ነበር። አልሸባብ የኡጋንዳ ወታደሮች በሶማሊያ መኖራቸውን አመካኘ። ኳስ ሊያይ የተቀመጠ ሰው ግን በሞቃዲሾ ማን ላይ ተኮሰ?

ምክንያት ነገሩ ከየት እንደ መጣ ያስረዳል፤ ሰበብ ግን በደለኛው የሚሸሸግበት ጥላ ነው። ምክንያቱን የሚጠይቀውን ሁሉ የገዳይ ጠበቃ አድርጎ መክሰስ በየአገሩ ተለምዷል፤ ለእኛ ይህ የኅሊና ስንፍና ይመስለናል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1994 ዓ.ም. ለዓለም የሰላም ቀን ባስተላለፉት መልእክት፣ በዓለም ያለው ግፍ ለሽብር ከቶ ማመካኛ እንደማይሆን አስተማሩ፤ መብት በተረገጠበት ስፍራ ግን አሸባሪዎች ተከታይ ማግኘት እንደሚቀላቸው አልሸሸጉም።

ከባዱ ይህን በራስ ላይ ማዋል ነው። የሌላውን መንግሥት ግፍ ለመቁጠር አንሰንፍም፤ በስማችን የተደረገው ሲነሣ ግን ወሬ እንለውጣለን። በሞቃዲሾ ያለው አባወራም ስለ ታወጀው ጂሃድ ሲጠየቅ እንዲሁ ሳያደርግ አይቀርም።

አምስተኛውን ትእዛዝ ስታስተምሩ ልጆቹ ስለ ካምፓላ ሟቾች ይጸልዩ ዘንድ እንለምናችኋለን፤ በዚያው ጸሎት በሞቃዲሾ ሰፈሮች የሞቱትንም ያስቡ። የሚያጉረመርም ወላጅ ቢኖር ምክንያቱን ጠይቁት፤ ልጁ በዚያ ዘመቻ የቀረበት ሊሆን ይችላልና።